አንድ የእናቶች ማቆያ፣ ሦስት ፎቶ፦ ለባነሩ የትኛው ይሻላል? ለምንስ?

ብሌን_ዘወሎ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ።

በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ላለ የእናቶች ማቆያ የሚሆን ምስል እያዘጋጀን ነው። ለማታውቁት፣ ማቆያ ማለት መውለጃቸው የተቃረበና ቤታቸው ከጤና ጣቢያው የራቀ እናቶች የመጨረሻዎቹን ሳምንታት የሚያሳልፉበት ቤት ነው። ምስሉ ሁለት ቦታ ይውላል። አንደኛው በጤና ጣቢያው በር አጠገብ የሚሰቀል 3 በ2 ሜትር ባነር ነው፤ እናቶች፣ ባሎቻቸውና አማቶቻቸው አይተውት «እንግባ» እንዲሉ እንፈልጋለን። ሁለተኛው ውጭ አገር ላሉ የአካባቢው ተወላጆች በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚላክ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው፤ መጠኑ 1080 በ1350 ፒክስል።

በእጃችን ሦስት ፎቶዎች አሉ፤ የሁሉም ፈቃድ በጽሑፍ ተወስዷል።

ሀ፦ አንዲት ነፍሰ ጡር አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቀና ብላ ካሜራውን ታያለች። ፎቶ አንሺው ቆሞ፣ በስልክ፣ ከሜትር ተኩል ያህል ርቀት ነው ያነሳት። ከኋላዋ ባዶ ግድግዳ ነው።

ለ፦ አዋላጅ ነርሷ ቆማ የእናቲቱን የደም ግፊት ትለካለች። የእናቲቱ ፊት በሙሉ ይታያል፤ ነርሷ ግን በጎኗ ናት፣ አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው።

ሐ፦ ሰባት እናቶች ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ቡና ይፈላል። ከሩቅ፣ በዙም የተነሳ ነው።

ኮሚቴው ሊስማማ አልቻለም። አንዱ ወገን «ሀ ልብ ይነካል» ይላል። ሌላው «ለ ይሻላል፤ ግን ነርሷን ቆርጠን እናቲቱን ብቻ እናስቀር» ይላል። እናቲቱ መሃል ትሁን የሚሉም፣ መሃል ማድረግ የጀማሪ ሥራ ነው የሚሉም አሉ። ጽሑፉ የት ይሁን የሚለውም ገና አልተወሰነም። «ያምራል»፣ «አያምርም» ከሚለው ክርክር አልፈን፣ እያንዳንዱ አቀማመጥ ተመልካቹን ምን እንዲያስብ እንደሚያደርገው የሚያስረዳን እንፈልጋለን።

ሌንስና_ብርሃን

እህቴ፣ ከፎቶ ሀ ልጀምር። «ልብ ይነካል» የተባለው ነገር የመጣው ከእናቲቱ ሳይሆን ካሜራው ከተያዘበት ቁመት ነው።

የቆመ ሰው ስልኩን የሚይዘው ከመሬት 1.6 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አልጋ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ሴት ዓይን 1.1 ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። ርቀቱ ሜትር ተኩል ከሆነ ካሜራው 18 ዲግሪ ያህል ቁልቁል ያያታል። በዚህ አንግል ግንባሯ ይሰፋል፣ አገጯ ይጠባል፣ አንገቷ ያጥራል፤ ቀና ብላ ስለምታይም ከብሌኗ በታች ያለው ነጭ ይወጣል። ፊቷ ላይ የልመና ስሜት ባይኖር እንኳ ተመልካቹ «ትለምናለች» ብሎ ያነበዋል። ከዚያም ራሱን ከላይ የቆመ ሰጪ አድርጎ ያገኘዋል። ለበሩ ባነር ይህ ጎጂ ነው፤ ባነሩን የምታየው ነፍሰ ጡር ራሷን የምታስቀምጠው በፎቶው ውስጥ ባለችው ሴት ቦታ ነውና። እንደዚያ ሆና መታየት የምትፈልግ ሴት የለችም።

የካሜራ አቀማመጥ ፍርድ እንደሚለውጥ በሙከራ የታየ ነገር ነው። በአሜሪካ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ላሲተር ከባልደረቦቹ ጋር ፖሊስ ፊት የሚሰጥ የእምነት ቃል በቪዲዮ ሲቀረጽ ምን እንደሚሆን ለዓመታት አጥንቷል። ቃሉም ድምፁም አንድ ሆኖ፣ ካሜራው ተጠርጣሪው ላይ ብቻ ሲያተኩር ተመልካቾች «በፈቃዱ ነው የተናገረው» ወደሚለው ያደላሉ። መርማሪውና ተጠርጣሪው እኩል ሲታዩ ግን ይህ ዝንባሌ ይቀንሳል። የኒውዚላንድ ፖሊስ ሁለቱንም ሰዎች ከጎን እኩል የሚያሳይ አቀራረጽ የተከተለው በዚህ ምክንያት ነው። ፍሬሙን ብቻውን የሞላ ሰው ለሚሆነው ነገር ሁሉ ምክንያት መስሎ ይታያል ማለት ነው። ባዶ ግድግዳ ፊት ብቻዋን የተቀመጠችው እናትም ችግሩን ብቻዋን ትሸከማለች፤ መንገዱ፣ ርቀቱ፣ ነርሷ፣ ቤተሰቧ ከፍሬሙ ውጭ ናቸው። ነርሷን ከፎቶ ለ ቆርጦ ማውጣትም ወደዚሁ ነው የሚወስዳችሁ።

ድጋሚ ማንሳት የሚቻል ከሆነ እንዲህ አድርጉ፦

ፎቶ አንሺው ይንበርከክ፤ ሌንሱ ከእናቲቱ ዓይን ጋር እኩል ይሁን። በርጩማ ላይ ካስቀመጣችኋት ዓይኗ ከ1 ሜትር በታች ይወርዳልና ካሜራውም አብሮ ይውረድ።

ስልኩን በ1x ቀርባችሁ አታንሱ። የብዙ ስልኮች ዋና ሌንስ ሰፊ ነው፤ በሙሉ ፍሬም ካሜራ (ትልቅ ሴንሰር፣ ማለትም ትልቅ ብርሃን ተቀባይ ባለው ካሜራ) ከ24 እስከ 28 ሚሊሜትር ካለው ጋር ይመጣጠናል። ለፊት ስትቀርቡበት አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ወደ 2 ሜትር ራቁና 2x ተጠቀሙ። ሌንስ መለዋወጥ የሚችል ካሜራ ካላችሁ በሙሉ ፍሬም 85፣ ሴንሰሩ አነስ ባለ ካሜራ 50 ሚሊሜትር ይበቃል።

ብርሃኑ ከመስኮት ወይም ከበር በኩል፣ ከጎን ይምጣ፤ ፍላሽ አጥፉ። ነጭ ነጠላ ላይ ተጠንቀቁ። በጥቁር ፊት ዙሪያ ያለ ነጭ ነጠላ የፍሬሙ ብሩህ ቦታ ስለሚሆን ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ካሜራውም በነጩ ተታሎ ፊቱን ያጨልመዋል። በስልኩ ስክሪን ላይ ፊቷ ያለበትን ቦታ በጣታችሁ ተጭናችሁ በመቆየት የብርሃኑን መጠን ቆልፉ፤ ነጠላው ጥልፉ እስኪጠፋ ከነጣ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ካነሳችሁ በነጩና በፊቷ መካከል ያለው ልዩነት በራሱ ይጠባል።

ፍሬሙ እጅን አንጓ ላይ፣ እግርን ጉልበት ላይ አይቁረጥ። መገጣጠሚያ ላይ የተቆረጠ አካል የጎደለ ይመስላል፤ ክንድ መሃል ወይም ጭን መሃል ላይ ቁረጡ።

ፎቶ ሐን በተመለከተ፦ ከሩቅ በዙም የተነሳ ሕዝብ ተጨናንቆ ይታያል። ይህን የሚያደርገው ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው፤ ከሩቅ ስናይ በፊተኛውና በኋለኛው ሰው መካከል ያለው የርቀት ልዩነት ከጠቅላላው ርቀት አንጻር ትንሽ ስለሚሆን ሁለቱ በመጠን ይቀራረባሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ወቅት በዴንማርክ ሁለት የዜና ፎቶ አንሺዎች ተመሳሳይ ወረፋዎችን በሁለት ዓይነት አቀራረብ አንስተው አሳይተው ነበር፤ በአንዱ ሰዎች ተጠጋግተው የቆሙ ይመስላሉ፣ በሌላው ግን ርቀታቸውን ጠብቀዋል። በእናንተ ፎቶም ሰባቱ እናቶች ጠባብ ቦታ የታጨቁ ይመስላሉ። ማቆያው ጠባብ ነው ብላ የምትፈራ ሴት ፍርሃቷ ይጸናል። ከ3 ሜትር ርቀት፣ ከተቀመጡት ዓይን እኩል፣ ሦስቱን ብቻ ይዛችሁ አንሱት።

የቀለም_መምህር

ወይዘሮ ብሌን፣ ጥያቄዎ ከዚህ ቀደም አገራችን ውስጥ መልስ የተሰጠበት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ቅንብርን ለማሳመን ሲጠቀሙበት ዘመናት አልፈዋል።

በትውፊቱ ጻድቅ ፊቱ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ሰይጣን፣ ከሃዲና አሳዳጅ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። በመጨረሻው እራት ሥዕል ይሁዳን ከሐዋርያት የምንለየው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሁለት ዓይን የሚያይዎት ሰው ለእርስዎ ይገለጣል፣ ይታመናል፤ በጎኑ ያለው ግን ጉዳዩ ከሌላ ጋር ነው። የአድዋን ሥዕሎች ይመልከቱ። በአብዛኞቹ የእኛ ሠራዊት በግራ፣ የጣልያን በቀኝ ነው፤ የእኛዎቹ በሁለት ዓይን፣ ጠላት በጎኑ። ምኒልክ ከላይ በግራ በጥላ ሥር፣ ጣይቱ ዝቅ ብለው በፈረስ ላይ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከመካከል በላይ። ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ማን እንደ ረዳና ማን እንዳሸነፈ ከአቀማመጡ ብቻ ያውቃል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ሥዕሎቹ የሚተርኩት በዚህ ሥርዓት ነው።

ስለዚህ በፎቶ ለ ነርሷ በጎኗ መሆኗ ቀላል ነገር አይደለም። ፎቶ ሥዕል አይደለምና ተመልካቹ «ክፉ ናት» አይልም። ሆኖም ፊቷ አይነበብም። «ጤና ጣቢያ ይቆጡኛል» ብላ የምትሰጋ እናት የምትፈልገው የነርሷን ፊት ማንበብ ነው፤ ፊቱን ካጣች ስጋቷ ይቀራል። ነርሷን 45 ዲግሪ ያህል ወደ ካሜራው ያዙሯት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ይታዩ፣ እይታዋ ግን እናቲቱ ላይ ይሁን። ደግሞም በርጩማ ይስጧት። ቆማ ከተቀመጠች ሴት በላይ ስትሆን ሥልጣን ይነበባል፤ ዓይኖቻቸው ሲተካከሉ ግን መነጋገር ይነበባል።

መሃል ማድረግ የጀማሪ ሥራ ነው ያሉት የኮሚቴ አባል «ዋናውን ነገር ከመሃል አውጡ» የሚለውን ደንብ ያለ ቦታው ነው ያመጡት። ፊት ለፊት፣ በመሃል፣ ሁለቱ ጎን እኩል የሆነ አቀማመጥ ክብርን ይናገራል፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ (ማርያም ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል) ፊት ቆሞ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከመሃል የወጣ አቀማመጥ ደግሞ ድርጊት አለ፣ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ ነገር አለ ይላል። የቱ ይሻላል የሚለው ከተመልካቹ በሚፈልጉት ይወሰናል። ከበሩ ባነር የሚፈልጉት እግር እንዲንቀሳቀስ ስለሆነ ከመሃል ይውጣ። ለውጭ አገር ወገን የሚላከው ቆም ብሎ አንድን ሰው ማየትን ስለሚፈልግ መሃል መሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ነጠላ የተከናነበች እናት ሕፃን ታቅፋ በመሃል ፊት ለፊት ከተቀመጠች ምስሉ ሳይታሰብ የማርያምን ሥዕል ይመስላል። በአካባቢው ሙስሊም እናቶች ካሉ፣ ወሎ ደግሞ አሉ፣ «ይህ ቤት የእነሱ ነው» የሚል መልእክት ይተላለፋል። የአካባቢው ሴቶች በገበያ ቀን የሚለብሱትን ይመልከቱና ሁለቱም ወገን ራሱን የሚያገኝበት ይሁን።

ባዶ_ቦታ

የግራፊክ ሥራው ላይ ልጨምር።

መጀመሪያ፣ ባነሩን የሚያዩት ብዙዎቹ ላያነቡት ይችላሉ። ስለዚህ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍናችሁ ምስሉ ብቻውን ምን እንደሚል ፈትኑ። በፎቶ ለ የትርጉሙ ሁሉ ማዕከል የነርሷ እጅ የእናቲቱን ክንድ የነካበት ቦታ ነው። የግፊት መለኪያው ጨርቅና ቱቦም ሁለቱን ሰዎች የሚያያይዝ መስመር ይሠራሉ፤ ዓይን በእሱ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ፍሬሙን በአግድምም በቁመትም ለሦስት ለሦስት ከፍላችሁ፣ መስመሮቹ ከሚገናኙባቸው አራት ነጥቦች በአንዱ ላይ ያንን እጅ አሳርፉ። ፊቶቹን አታሳርፉ፤ ፊት የትም ቢሆን ይታያል፣ እጅ ግን ቦታ ካልተሰጠው ይጠፋል።

ነርሷን መቁረጥ የሚለውን ሐሳብ ተዉት። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ዳቮስ ላይ የአሶሺዬትድ ፕሬስ ፎቶ ኡጋንዳዊቷን የአየር ንብረት ተሟጋች ቫኔሳ ናካቴን ከዳር ቆርጦ አራት ነጭ ወጣቶችን ብቻ አስቀርቶ ነበር። ድርጅቱ የሰጠው ምክንያት ከኋላዋ ያለው ሕንፃ ቅንብሩን ያበላሻል የሚል ነበር። ምክንያቱ የቅንብር ብቻ ቢሆንም እንኳ ውጤቱ አፍሪካዊቷ በቦታው አልነበረችም የሚል ምስል ነው። በእናንተ ፎቶ ነርሷ ስትወጣ የሚጠፋው ራሱ አገልግሎቱ ነው፤ የሚቀረው እጇን የዘረጋች ሴት ነው። የተዘረጋ እጅ ብቻውን ሲታይ ምን ተብሎ እንደሚነበብ አስቡት።

አቅጣጫን በተመለከተ፣ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ዓይን ከግራ ይገባል። የተለመደው አሠራር ሰዎቹን ከግራ አድርጎ፣ እይታቸው ወደ ቀኝ ወዳለው ጽሑፍ እንዲመራ ነው። የሰው እይታ የተመልካቹን ዓይን ይዞ ይሄዳልና ከባነሩ ወደ ውጭ የሚያይ ፊት ተመልካቹንም ይዞት ይወጣል። ከውጭ ወገኖች መካከል እስራኤል ያሉ ካሉና በዕብራይስጥም የምትጽፉ ከሆነ ለዚያ እትም አቀማመጡን ገልብጡ፤ ዕብራይስጥ ከቀኝ ይጀምራል።

ጽሑፉ ከባነሩ አንድ ሦስተኛውን አይለፍ። ርዕሱ ከስድስት ቃል አይብለጥ። ለፊደል ቁመት የሚሠራው ስሌት በየ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲሜትር ነው። ከመንገዱ ማዶ በ25 ሜትር እንዲነበብ ከፈለጋችሁ ርዕሱ 21 ሴንቲሜትር ይሁን። ይህ ስሌት የመጣው ከላቲን ፊደል ስለሆነ ለእኛ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ነው፣ እሱ ከጠፋ ቃሉ ይጠፋል። በዚሁ ምክንያት ፊደሉ ዙሪያ ወፍራም መስመር አትጨምሩ፤ ደማቅ ቅርጽ የሌለውን ፎንትም በኮምፒውተሩ አታወፍሩት። ለምሳሌ «አቢሲኒካ ሲል» የሚባለው ፎንት ለረጅም ንባብ ያምራል፤ በግድ ሲወፍር ግን የ«ጮ» እና የ«ኳ» ክፍተቶች ይደፈናሉ። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የሚባለው ፎንት ግን በርካታ የውፍረት ደረጃዎች አሉት። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ቅርጽ ስለሌለው የቅደም ተከተል ሥራው በሙሉ በመጠንና በውፍረት ላይ ይወድቃል፤ ርዕሱን ከቀጣዩ ጽሑፍ ቢያንስ እጥፍ አድርጉት።

ጽሑፉ ፎቶው ላይ ከተቀመጠ ከሥሩ የተረጋጋ ቦታ ይኑር። በፎቶ ለ ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ ለዚህ ይሆናል። ግማሹ ብሩህ መስኮት፣ ግማሹ ጨለማ ግድግዳ ላይ ያረፈ መስመር በየትኛውም ቀለም አይነበብም።

የርዕሱ ቃል ራሱ ዓይንን ይመራል። ሶቪየታዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ያርቡስ አንድን ሥዕል ለተመልካች እያሳየ የተለያየ ጥያቄ ሲጠይቅ፣ የዓይኑ ጉዞ እንደ ጥያቄው ተለዋውጧል። ስለ ሰዎቹ ዕድሜ ሲጠየቅ ፊቶቹ ላይ፣ ስለ ቤተሰቡ ኑሮ ሲጠየቅ ልብሱና ዕቃው ላይ። «እርዱን» የሚል ርዕስ ተመልካቹን ግድግዳው ላይ የተላጠውን ቀለም እንዲፈልግ ይልከዋል። «ምጥ ሳይመጣ እዚህ ግቢ» የሚለው ደግሞ አልጋውንና ነርሷን እንዲያይ ያደርገዋል።

ብሌን_ዘወሎ (ጠያቂ)

በጣም እናመሰግናለን፤ ለኮሚቴው ሙሉውን አንብበንላቸዋል። ሦስት ነገር ቀረ።

አንደኛ፣ የገንዘብ ማሰባሰቢያውን የያዙት ሰዎች አሁንም «ያዘነ ፊት ካልታየ ብር አይመጣም» ይላሉ። ሁለተኛ፣ አንድ አባል ከፎቶ ሀ ጎን የአንድ ትልቅ የከተማ የግል ሆስፒታል ክፍል ፎቶ ይቀመጥና ልዩነቱ ይታይ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሦስተኛ፣ ባነሩ የሚሰቀለው ከበሩ በስተቀኝ ባለው አጥር ላይ ነው፤ ይህ አቀማመጡን ይለውጠዋል?

ምስልና_ሕዝብ

ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ልመልስ።

ብር አሰባሳቢዎቹ ከያዙት ነገር ግማሹ ትክክል ነው። ዴቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች አምስት ዶላር ተሰጥቷቸው ከዚያ ላይ እንዲለግሱ ተጠየቁ። ስሟና ፎቶዋ የተሰጣት አንዲት ልጅ ስለ ሚሊዮኖች ከሚናገረው አኃዝ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ልገሳ አገኘች። ልብ በሉ፣ ልጅቷና አኃዙ አንድ ላይ ሲቀርቡ ልገሳው ከልጅቷ ብቻ ያነሰ ሆነ። እንግዲህ ለውጭ ወገን የሚላከው ምስል አንዲት ሴት ይኑረው፤ «በዚህ ወረዳ ይህን ያህል እናቶች» የሚለው ቁጥር ምስሉ ላይ አይጻፍ፣ ከሥር ባለው ጽሑፍ ይሂድ። ይህ ጥናት ግን ከላይ ወደ ታች አንሷት፣ አሳዝኗት አይልም። የሚሠራው አንድ መሆኗ ነው፤ በዓይኗ ቁመት የተነሳች አንዲት ሴትም አንድ ናት።

ያዘነ ፊት ገንዘብ ማምጣቱን አልክድም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ሞሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጸውና ማይክል በርክ በቢቢሲ ያቀረበው ዘገባ ዓለምን አንቀሳቅሷል፣ ሕይወትም አትርፏል። ከዚያ በኋላ የእርዳታ ማስታወቂያዎች አንድ ቅርጽ ደጋገሙ፤ ብቻውን ያለ ሕፃን፣ ከላይ የወረደ ካሜራ፣ ዙሪያው ባዶ። በ1989 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ስለ ምስልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ ያወጡት ሰዎችን አቅመ ቢስ አድርጎ የሚያሳየው ይህ ልማድ ስላሳሰባቸው ነው። የእናንተ ለጋሾች ደግሞ የአካባቢው ልጆች ናቸው። በምስሉ ላይ የሚያዩት እናታቸውን፣ እህታቸውን ነው። ወገኑን ዝቅ አድርጎ ያሳየው ምስል ለባዕድ የሚሠራውን ያህል ለእነሱ አይሠራም፤ አንዳንዱን ጭራሽ ያስቆጣዋል።

ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ እጅግ ኃይለኛ መሣሪያ ነው፤ ኃይሉ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለባችሁ። የሩሲያ ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ አንድን የተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳህን፣ ከሬሳ ሣጥን ጋር ሲያገናኘው ተመልካች በዚያው ባልተለወጠ ፊት ላይ ረሃብን፣ ሐዘንን አየ። በእኛ አገር ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን የታየውን የሚያህል ምሳሌ የለም። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በመካከሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሠርግ ኬክና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ምስሎች ገብተውበት ቀረበ። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ምስሎቹ በየራሳቸው እውነተኛ ነበሩ፤ ክሱን የመሠረተው እርስ በርስ የተያያዙበት መንገድ ነው።

ፎቶ ሀን ከግል ሆስፒታሉ ክፍል ጎን ስታስቀምጡ የተመልካቹ ጥያቄ «ምን ላድርግ?» መሆኑ ይቀርና «ጥፋቱ የማን ነው?» ይሆናል። ቁጣ ይነሳል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ ይከራከራል እንጂ ብር አይልክም። ጥንድ ምስል ከፈለጋችሁ ጥንዱ በአንዱ ቤት ውስጥ ይሁን፤ ዛሬ ባዶ የሆነው የማቆያው ክፍል በግራ፣ አልጋና ብርድ ልብስ የገባለት ክፍል በቀኝ። ሁለቱም ከአንድ ነጥብ፣ በአንድ ሌንስ፣ በአንድ ሰዓት ብርሃን ይነሱ። «በፊት» የሚለውን በደመናማ ቀን፣ «በኋላ» የሚለውን በፀሐይ ማንሳት ተመልካችን ማታለል ነው።

የቀለም_መምህር

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ፦ አዎ፣ ይለውጠዋል። ባነሩ ከበሩ በስተቀኝ ከሆነ በሩ ያለው በተመልካቹ ግራ ነው። ባዶ_ቦታ ያሉት ከግራ ወደ ቀኝ የሚለው አሠራር ለወረቀትና ለስልክ ትክክል ነው፤ እዚህ ግን ሰዎቹ ወደ ቀኝ ካዩ ጀርባቸውን ለበሩ ይሰጣሉ፣ ተመልካቹንም ከበሩ ያርቁታል። እውነተኛው በር ከንባብ አቅጣጫ ይበልጣል።

ፎቶውን በኮምፒውተር እንደ መስታወት እንዳይገለብጡት አደራ። የነጠላው አጣጣል ይዞራል፣ ነርሷ ደረት ላይ ያለው ጽሑፍ ይገለበጣል፣ ቀኝ እጅ ግራ ይሆናል። የአካባቢው ሰው የሚያውቀውን ፊት ተገልብጦ ሲያይ ምክንያቱን ባይለይም አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማዋል። ወይ ካሜራውን ወደ ሌላኛው ጎን አዙራችሁ እንደገና አንሱ፣ ወይ ባነሩን ከበሩ በስተግራ ስቀሉት።

ባዶ_ቦታ

በመምህር እስማማለሁ። በሩ አጠገብ የሚሰቀል ነገር ሁሉ በሩን ማሳየት አለበት።

ለማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት የሚበላሹትን ልንገራችሁ። ፎቶውን በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ 3 ሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 34 ፒክስል ገደማ ይሆናል። ከ5 ሜትር በላይ ለሚያይ ሰው ይበቃል። ከፎቶው ግማሹን ቆርጣችሁ ከጣላችሁ ግን አይበቃም፤ ስለዚህ ፍሬሙ ሲነሳ ይስተካከል፣ በኋላ አይቆረጥ። 4 ለ3 የሆነው ፎቶ 3 ለ2 ሲሆን ከላይና ከታች ጥቂት ይቀንሳልና ከራስ በላይ ቦታ ተዉለት። በአራቱም ጠርዝ 10 ሴንቲሜትር ውስጥ ፊትም ፊደልም አይግባ፤ ጠርዙ ይታጠፋል፣ የገመድ ቀለበቶቹም እዚያው ይመታሉ።

አምስት ሰዎች፣ ከኮሚቴው ውጭ፣ ከተቻለ ሁለቱ አማቶች ይሁኑ፤ ጽሑፍ የሌለውን ምስል ለሦስት ሰከንድ አሳይታችሁ ደብቁና «ማን ምን እያደረገ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ታማለች» ወይም «ትቆጣታለች» የሚል መልስ ሁለት ጊዜ ከመጣ እንደገና ይነሳ። «ቆንጆ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለጨዋነት አዎ ይሏችኋል።

በመጨረሻ፣ ጠቆር ያለ ፊት በባነር ማሽን ላይ ከስክሪኑ ይልቅ ጨልሞ ይወጣል፤ የጉንጭና የዓይን ዙሪያ ጥላ ተደፍኖ ፊቱ ስሜት አልባ ይሆናል። ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት የሁለቱን ፊቶችና የእጁን ክፍል 50 በ50 ሴንቲሜትር አሳትሙ፤ ውጭ፣ በቀን ብርሃን፣ ከ10 ሜትር እዩት። የነርሷ ዓይን የት እንደሚያይ ከዚያ ርቀት ካልታወቀ የጨለመውን ክፍል ብቻ አብርታችሁ ድጋሚ ሞክሩ፤ ሙሉውን ምስል ካነጣችሁት ነጠላው ጥልፉ እስኪጠፋ ይነጣል።